ምጥ ወረቀት አይጠብቅም

ደብዳቤው ሰኞ ረፋድ ላይ ከመሥሪያ ቤት ፖስታዎች ጋር ተደባልቆ ጠረጴዛዋ ላይ ደረሰ። ጽሕፈቱን ገና ስታየው አወቀችው። ፊደሎቹን እንዲህ ወደፊት እያዘነበለ፣ አውቶቡስ ሊያመልጠው እንደደረሰ ሰው እየተጣደፈ የሚጽፍ ከአንድ ሰው በቀር አታውቅም።

«ለጠያቂዋ» ይላል። የታችኛው ሰፈር ሴቶች ያወጡላት ስም ነው።

«የጥናትሽ ረቂቅ ለጤና ጣቢያዎች ሲበተን እኛም ዘንድ ደረሰ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለሦስተኛ ጊዜ የገለጥኩት ያንን ምዕራፍ ፍለጋ ነው። የለም። የሰፈራችን መንገድ ጭቃ እንደሆነ ጽፈሻል። እናቶቻችን ግንዛቤ እንደሚያንሳቸው ጽፈሻል። ሆስፒታሉ በር ላይ ስለሚመልሳቸው ደንብ ግን ያለው ‹ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል› የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። ደንቡን ማን እንዳወጣው ከተማው ሁሉ ያውቃል። አባት አባት ነው፤ አልፈርድብሽም። ግን አራት ወር ሙሉ በየቤቱ ገብተሽ ‹እውነቱን ንገሩኝ› ስትያቸው እናቶቹ አምነውሽ ነበር። እኔም አምኜሽ ነበር። እኔማ ከደብተሬ ሌላም የሰጠሁሽ ነገር ነበር። እሱን መመለስ እንደማትችይ አውቃለሁ፤ ደብተሬን ግን መልሺልኝ።»

ፊርማ የለውም። አላስፈለገውም።

በመስኮቱ በኩል ሰው ይወጣል ይወርዳል፤ መኪና ይጮኻል። እሷ ወረቀቱን አጥፋ፣ ዘርግታ፣ እንደገና አጠፈችው። አንድ ቃል ብትነግረው ይህ ሁሉ ይፈርስ ነበር። ልትነግረው የማትችለው ደግሞ ያቺኑ አንድ ቃል ነው።

የከተማው ትልቅ ሆስፒታል ከላይኛው ሰፈርም ከታችኛው ሰፈርም እኩል ይርቃል። በወሊድ የሚሞቱት የታችኛው ሰፈር እናቶች ግን ከላይኛው አምስት እጥፍ ናቸው። የጥናት ተቋሙ «ለምን?» ብሎ የላካት እሷን ነበር፤ የላይኛው ሰፈር ልጅ፣ የጤና ቢሮው ኃላፊ አንድያ ልጅ፣ ጫማዋ ጭቃ የማያውቅ ተመራማሪ።

በመጀመሪያው ቀን ጤና ጣቢያው ደርሳ «ሲስተርን ፈልጌ ነበር» ብትል አንድ ረጅም ወንድ ነርስ ከመርፌው ቀና ብሎ «አቤት፣ እኔ ነኝ» አላት። ለሰፈሩ እናቶች ነጭ ጋዎን ለብሶ መርፌ የሚወጋ ሁሉ ሲስተር ነው። እሱም ሊያርማቸው ሞክሮ ከተሸነፈ ዓመታት አልፈዋል። ሳቋ አፈትልኮ ወጣ። እሱም ሳቀ። ነገሩ የተጀመረው በሳቅ ነው፤ በሳቅ ግን አልቀረም። ቤት ለቤት ይዟት ሲዞር፣ እናቶቹ እጃቸው ፈታ ብሎ እንዲመልሱላት ሕፃናቱን እሱ ያቅፍ ነበር። በሕፃኑ ራስ ላይ አሻግሮ ሲያያት፣ እሷም ከመጠይቁ ቀና ስትል፣ በወረቀቱ ላይ የሌለውን ጥያቄ በዓይናቸው ይጠያየቁ ጀመር።

የጥናቱን መልስም ያገኘችው በሱ ነው። አንዲት እናት ሆስፒታል ለመግባት ከሰፈሯ ጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት መያዝ አለባት። ወረቀቱ የሚጻፈው ደግሞ ምጧ ከጀመረ በኋላ፣ ተመርምራ ነው። የላይኛው ሰፈር ሴት ለግል ሐኪሟ በፈለገችው ሰዓት ትደውላለች። የታችኛው ሰፈር ጤና ጣቢያ ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ ሠርቶ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ቅዳሜ ምጥ የያዛት ሴት እስከ ሰኞ ትታገሥ እንደማለት ነው።

ይህን እያየ አላስችለው ሲል፣ ስምንተኛ ወራቸውን ለያዙ እናቶች ሁሉ ቀኑ ያልተሞላ ወረቀት እየፈረመ አስቀድሞ መስጠት ጀመረ። አሥራ አራት ወር ሙሉ። የእያንዳንዷንም መጨረሻ በአንድ ደብተር መዘገበ። ደብተሩን ለሷ ሲሰጣት «እስከ ዛሬ ለማን እንደማስቀምጠው አላውቅም ነበር» ነው ያላት።

ከዚያ ደብተር በሕይወቷ ጽፋ የማታውቀውን ምዕራፍ ጻፈች። የመጨረሻውን ነጥብ ስታሳርፍ ግን አንድ ነገር ታያት። ያንን ያነበበ ሁሉ ፈራሚው ማን እንደሆነ ወዲያው ያውቃል። ሳይመረምሩ እንደመረመሩ ሆኖ መፈረም የሙያ ፈቃድ ያስነጥቃል፤ ሲከፋም ያሳስራል። ብትጠይቀው «ይታተም፤ ምን አገባሽ» እንደሚላት ታውቃለች። ስለዚህ ሳትጠይቀው ምዕራፉን ከጥናቱ አወጣችው።

እሁድ ምሳ ላይ አባቷ ረቂቁን አንብበው ነበር። «ጥሩ ነው፤ ጨዋ ጥናት ነው» አሏት። «አሁን ከዚያ ሰፈር እግርሽን ሰብስቢ። ነርሱንም ሰምቻለሁ። መጥፎ ሰው ነው አልልም፤ ግን አቻሽ አይደለም።»

አባትየው ጥናቷን ጨዋ ይሉታል፤ ፍቅረኛዋ ከሃዲ ይላታል። በሁለቱ መካከል ተቀምጣ፣ ይህን ያህል ብቻዋን ሆና እንደማታውቅ ተሰማት።

*

ማግሰኞ ደብተሩን በቦርሳዋ ይዛ የነርሱ እናት ዘንድ ሄደች። እናትየው ከሆስፒታሉ ጀርባ ባለው ልብስ ማጠቢያ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል። ግቢው በረኪናና እንፋሎት ይሸታል። ከግንብ እስከ ግንብ በተወጠሩ ገመዶች ላይ ነጫጭ አንሶላዎች ንፋስ ይዟቸው ያጨበጭባሉ።

«እማማ፣ እሱ አለ?»

«ክትባት ይዞ ገጠር ወርዷል፤ ሐሙስ ጠዋት ነው የሚመለሰው» አሉ ሴትየዋ ቀና ሳይሉ። «ምን አድርገሽው ነው? እህል አልወርድ ብሎት ነው የሄደው። በይ፣ መጣሽ አይደል፣ የዚህን አንሶላ ጫፍ ያዢልኝ።»

ያዘች። አንሶላ ማጠፍ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ባጠፉት ቁጥር ይቀራረባሉ። በሦስተኛው እጥፋት ፊት ለፊት ተገጣጠሙ፤ አሮጊቷም ዓይኗን በቅርብ አዩት።

«አልቅሰሻል።»

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገረቻቸው። ምዕራፉን ለምን እንዳወጣች፣ ደብዳቤው ምን እንደሚል፣ ለምን ዝም እንዳለች።

«ታዲያ ንገሪዋ!»

«ብነግረው በነጋታው ሄዶ ራሱን ይሰጣል። ልጅዎን አያውቁትም?»

እናትየው አንሶላውን ከሌሎቹ ላይ ደርበው በመዳፋቸው ደልደል አደረጉት። ጣቶቻቸው ከውሃው ብዛት ተሸብሽበው ነጥተዋል።

«እህት እንዳለችው ነግሮሻል?»

«ታላቁ እንደሆነች ነግሮኛል።»

«የዛሬ ሁለት ዓመት ቅዳሜ ቀን ምጥ ያዛት። ጤና ጣቢያው ዝግ ነው። እዚያ በር ላይ ‹ወረቀት አምጪ› ብለው መለሷት።» በአገጫቸው አመለከቱ። ከማጠቢያው እስከ በሩ መቶ እርምጃ አይሞላም። «እኔ እዚህ የነሱን አንሶላ አጥባለሁ፤ ልጄ እዚያ ትመለሳለች። አልሰማሁም። ታክሲ ውስጥ ወለደች። እሷ ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም።»

ተመራማሪዋ ከሦስት መቶ በላይ እናቶችን ጠይቃለች። ይህንን ግን ከአራት ወር ጓደኛዋ አፍ አልሰማችም ነበር።

«ደንቡን ያወጣው አባቴ ነው» አለች፤ ድምፅዋ እየተቆራረጠ።

«አውቃለሁ።»

«እሱስ ያውቃል?»

«ከመጀመሪያው ቀን። እኔም ‹ልጄ፣ የማን ልጅ እንደሆነች ታውቃለህ ወይ?› ብዬዋለሁ። ምን አለኝ መሰለሽ? ‹እማዬ፣ ደንቡን ያወጣው አባቷ ነው፤ ከበሩ ላይ የምታወጣው ግን እሷ ናት።›»

በአንሶላዎቹ ክምር ላይ ተቀመጠች። እንዲህ አምኗት ኖሯል፤ ሳይነግራት፣ ሳይወቅሳት፣ የሞተውን ሕፃን በመካከላቸው ሳያስቀምጥ። ደብተሩን አውጥታ በሽርጣቸው ላይ አኖረችው።

«ይደብቁት እማማ። ማንም አይየው። እኔን ይጥላኝ፤ ግድ የለም፤ ሥራው ላይ ይቆይ።»

አሮጊቷ ደብተሩን አገላብጠው አዩት። ማንበብ አይችሉም። ግን እንደታመመ ልጅ በሁለት እጃቸው ነበር የያዙት።

«አንቺስ እናትነት መች ደረሰብሽና እንዲህ ሆንሽ?» አሉ በቀስታ። በነጩ ጨርቅ መካከል የሁለቱም እንባ በአንድ ላይ መጣ።

*

ሐሙስ በሦስት ሰዓት ጥናቷ የሚሰማበት የምክር ቤቱ አዳራሽ ሞልቷል። ሰብሳቢው አባቷ ናቸው። ከኋላ ያሉትን አግዳሚ ወንበሮች የታችኛው ሰፈር ሴቶች ይዘውታል፤ ያዘለችም ያረገዘችም አለች። በየቤታቸው አነጋግራቸዋለችና ሁሉንም ታውቃቸዋለች። ስትገባ ግን እንደወትሮው «ጠያቂዋ!» ያላት የለም። ስለ ደንቡ ዝም እንዳለች ወሬው ደርሷቸዋል።

ጥናቷን አቀረበች። ጭቃውን፣ የግንዛቤውን ማነስ፣ አምስት እጥፉን። ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ ይሰማታል። ስትጨርስ ከአባላቱ አንዷ፣ ጡረታ የወጡ መምህርት፣ እጃቸውን አነሡ።

«እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው ልጄ። ሴቶቹ የሚያማርሩት የሪፈሩን ደንብ ነው። ደንቡ ቢነሣ ሆስፒታሉ አይጥለቀለቅም ወይ? ለመሆኑ ያለዚያ ደንብ የተሞከረበት ቦታ አለ?»

አባቷ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው እያዩዋት ነው። አለ ብትል ነርሱን ታስበላዋለች፤ የለም ብትል እነዚያን ከኋላ የተቀመጡትን። አዳራሹ ውስጥ የሕፃን ትንፋሽ ይሰማል።

«ተሞክሯል።»

ድምፁ የመጣው ከበሩ ነው። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ አቧራ ነው፤ የክትባት ሣጥኑን ከትከሻው አላወረደውም። አጠገቡ እናቱ ቆመዋል፤ ሽርጣቸውን እንኳ ሳያወልቁ። ደብተሩ እጁ ላይ ነው።

በዓይኑ ብቻ አናገራት። ሰኞ በደብዳቤው የነበረው ሰው አልነበረም። ሁሉን የሰማ ሰው ነበር።

«ማን ነህ?» አሉ ሰብሳቢው፤ እያወቁ።

እሱ አፉን ሳይከፍት ከኋላ አንዷ «ሲስተራችን ነው!» ብላ ጮኸች። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ሰብሳቢው እስኪረጋ ጠበቁ።

«የታችኛው ሰፈር ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ለአሥራ አራት ወር እናቶቹን ሳልመረምር፣ ወረቀቱን አስቀድሜ እየፈረምኩ ስሰጥ ነበር።»

«ማን ፈቀደልህ?»

«ማንም። ምጥ ወረቀት አይጠብቅም፣ ክቡር ሰብሳቢ። እኔም መጠበቅ ሲሰለቸኝ ፈረምኩ።»

«በሕግ እንደሚያስጠይቅህ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። እሷም ስለምታውቅ ነው ምዕራፉን ከጥናቷ ያወጣችው፤ እኔን ለማትረፍ። እኔ ሞኙ ግን ለአባቷ ብላ መስሎኝ ክፉ ደብዳቤ ጻፍኩላት።» ወደ እሷ ዞረ። ድምፁ ዝቅ አለ፤ ሁሉም ግን ሰማው። «በሰው ፊት አላቆሰልኩሽም። ይቅርታ የምጠይቅሽ ግን በሰው ፊት ነው።»

አራት ቀን ሙሉ ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረ ድንጋይ ሲወርድ ተሰማት። ፍርሃቷም አብሮ ወረደ። ማይክሮፎኑን ወደ ራሷ ሳበች።

«ጥፋቱ የኔም ነው» አለች። «ተመራማሪ ያገኘውን እውነት አይደብቅም። እኔ ደብቄያለሁ። አሁን እናገረዋለሁ።»

ወረቀት አልያዘችም። አላስፈለጋትም፤ በልቧ ነበር የያዘችው። «ወረቀቱን አስቀድመው የያዙት እናቶች ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው። ከነሱ አንዲትም እናት አልሞተችም። ከዚያ በፊት በነበሩት አሥራ አራት ወራት ግን ከዚያው ሰፈር ዘጠኝ እናቶች ሞተዋል። መምህር፣ ሆስፒታሉ ይጥለቀለቃል ወይ ብለው ጠይቀዋል። አልተጥለቀለቀም። እንዲያውም አልጋ ተረፈው። በጊዜ የደረሰች እናት አንድ ቀን አድራ ትሄዳለች። በር ላይ ተመልሳ፣ ዘግይታ፣ ደም ፈሷት የምትመጣዋ ናት ሳምንት የምትተኛው። አልጋውን የያዘብን ደንቡ ራሱ ነው።»

መምህርቷ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ከኋላ ጉርምርምታ ተነሣ።

«ደብተሩን» አሉ አባቷ እጃቸውን ዘርግተው።

ሰጣቸው። ገለጡት። እሳቸው ቢሮ ከመግባታቸው በፊት ሐኪም ነበሩ፤ የሐኪም ዓይን ነው ዓምዱን ተከትሎ የወረደው። መጀመሪያ በከንፈራቸው ብቻ፣ ቀጥሎ ሳይታወቃቸው ድምፅ አውጥተው ማንበብ ጀመሩ።

«እናት በሰላም፣ ሕፃን በሰላም። እናት በሰላም፣ ሕፃን በሰላም። እናት በሰላም...»

ገጽ ገለጡ። ገጽ ገለጡ። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሰው የመጀመሪያው ገጽ ላይ ቆሙ። ብቻውን የተጻፈ አንድ መስመር ነበር።

«‹ቅዳሜ። በር ላይ ተመለሰች። ሕፃን የለም።› ይቺ ማን ናት?»

«እህቴ ናት» አለ።

ከኋላ አግዳሚ አንዲት ቀጭን ሴት ቀስ ብላ ብድግ አለች። ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች።

ያን ጊዜ ሰብሳቢው ተነሡ። ለባለሥልጣን ሲነሡ እንጂ ለሌላ ሰው ሲነሡ አይቷቸው የሚያውቅ የለም።

«የኔ እህት» አሉ። ድምፃቸው ከሰውነታቸው ያነሰ ነበር። «ያንን ደንብ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያኔ በአንድ አልጋ ሁለት ሁለት እናት ተኝተው አይቼ ነው። የተኙትን አየሁ። የተመለሱትን አላየሁም። የተመለሰ ሰው በሆስፒታል መዝገብ ላይ አይጻፍም። የጻፈው ይህ ወጣት ብቻ ነው።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ደንቡ እንዲነሣ ሐሳብ አቀርባለሁ። ስለተፈረሙት ወረቀቶች ደግሞ፣ የሚጠየቅ ሰው ካለ ከኔ ይጀመር።»

ከሁሉ ቀድሞ ወደ ላይ የወጣው የመምህርቷ እጅ ነው። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ዝቅ ብሎ የቀረ እጅ አልነበረም። አንድ ቀጭን እልልታ ከኋላ ፈነዳና አዳራሹን ሞላው፤ ሕፃናቱ ደንግጠው ሲያለቅሱ እናቶቻቸው እየሳቁ አባበሏቸው። «ጠያቂዋ! ጠያቂዋ!» የሚለው ጥሪ ከእልልታው በላይ ተሰማ። እሷ መድረኩ ላይ እንደቆመች ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ ደስታ ይህን ያህል እንደሚከብድ አታውቅም ነበር።

*

ሕዝቡ ሲወጣ ሁለቱ ከአዳራሹ ውጪ ባለው ሰፊ ደረጃ ላይ ተገናኙ። የሚያቅፋት መስሏት ነበር። እሱ ግን ሁለት እርምጃ ርቆ፣ የክትባት ሣጥኑን በሁለት እጁ እንደ ጋሻ ይዞ ቆመ። ያ ሁሉ አዳራሽ ያላስፈራው ሰው አሁን ፈርቷል።

«እናትህ አልደበቁልኝም ማለት ነው» አለችው።

«‹አንዷን ልጄን ያ በር ጎዳብኝ፤ ሌላው ደግሞ በውሸት ልቡን አይጎዳም› ብላ ከመኪናው ሳልወርድ ነው የያዘችኝ። ወህኒ ቢያስገቡህም ልብስህን አጥብልሃለሁ አለችኝ።»

ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ፤ እንደገና ወደ ሳቅ።

አባቷ ከበሩ ወጡ። ሁለቱን አዩና ለአፍታ አመነቱ። ከዚያ መጥተው እሱ ፊት ቆሙ።

«አዲሱን ደንብ የሚያረቅ ቡድን ሰኞ ይቋቋማል፤ አንተም አለህበት። ለጤና ጣቢያህ ምን ያስፈልግሃል?»

«ሁለት አዋላጅ። ቅዳሜና እሁድም የሚከፈት በር።»

«ይሁን። ሌላስ?» አሉ፤ ወደ ልጃቸው ዞር ብለው። ጥያቄው ስለ አዋላጅ እንዳልነበረ ሦስቱም ገብቷቸዋል።

ነርሱ ቀጥ አለ። «ሌላውን ከእርስዎ አልጠይቅም፣ ጌታዬ። ከራሷ ነው የምጠይቀው።»

አባትየው ቀና ብለው አዩት። በዚያ ፊት ላይ ቁጣ የሚፈልግ ቁጣ ያገኝ ነበር፤ ልጃቸው ግን ሌላ ነገር አየች። «አቻሽ አይደለም ብዬሽ ነበር» አሏት። «ልክ ነበርኩ። ዛሬ አዳራሹ ውስጥ የሱ አቻ አላየሁም፤ አንቺ ትሆኚ እንደሆነ እንጂ።» ይህን ብለው በደረጃው ወረዱ። ከታች የልብስ አጣቢዋ ቆመው ነበር፤ ኃላፊው ቆብ ባያደርጉም ቆብ እንደሚያነሣ ሰው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሷቸው።

እሱ ሣጥኑን መሬት አስቀመጠ።

«ቤቴ ጠባብ ነው» አለ። «እናቴ እንዳየሻት ተቆጪ ናት። ቅዳሜና እሁዴ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ የለም፤ አንቺው ነሽ ያስወሰድሽብኝ።»

«እና?»

«እና... አግቢኝ።»

ሰፈሩን ሙሉ ሲያናግር የኖረ አንደበቷ አንዲት ቃል ብቻ አገኘ። «እሺ» አለችው። ቃሏ አነሰችባትና ደገመቻት። «እሺ! እሺ!»

እጇን ዘረጋች፤ ያዘው። ሻካራ ነበር፤ ሞቃትም ነበር። በጠራራ ፀሐይ፣ ከተማው ሁሉ እያየ፣ ደረጃውን አብረው መውረድ ጀመሩ። ከታች ሴቶቹ እየጮኹ ሊቀበሏቸው ይወጣሉ። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም የምትጠይቀው ነገር አልነበራትም፤ ሙሉ ነበረች።